«ኮምፒውተሩ ነው የሠራው»

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ነው የምንኖረው። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ ታብሌቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። የሰፈራችንን ሽማግሌ ሸማኔ ስላቸዋለች። እኔ ሆዬ አየት አደረግሁና «ጥሩ ነው፤ ግን ይኼ እኮ ኮምፒውተሩ ነው የሠራው» አልኳት። ፈገግ ብላ ታብሌቷን ዘጋች።

ይኸውላችሁ፤ ስንት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ከመፍረዳችሁ በፊት አንብቡ» እያልኩ ተማሪ ያስጨነቅሁ ሰው፣ ሥዕሉን ሳላይ በመሣሪያው ላይ ፈረድኩ።

በእርግጥ «ማን ሠራው?» ማለት ነውር አይደለም። ዛሬ በጥቂት ቃል ትእዛዝ ሥዕል የሚያወጣ ማሽን አለ። እኔ ግን አልጠየቅሁም፤ ፈረድኩ እንጂ።

አመሉም አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ረቂቅ ሥዕሎቹን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ «አይገባም»፣ «የፈረንጅ ነው» ያሉ ነበሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። ሽልማት ግን ማጨብጨብን እንጂ ማየትን አያስተምርም። ገንዘብም ያው ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቢፕል የተባለው አሜሪካዊ የሠራው የዲጂታል ሥዕል ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ «ይኼ ጥበብ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር ባሰበት እንጂ አልበረደም።

ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ጉድለት ሲነገራቸው «አልገባችሁም»፣ «ቅናት ነው» ይላሉ። ወዳጅ ደግሞ «አንደኛ ነሽ!» ብሎ ያልፋል። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት የሚቀርበው ሊታረም ነው። መምህሩም እስከ መጨረሻው ሳይሰማ አያርምም። ሁለቱም ግዴታ አለባቸው።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ሥዕሉን ለራሳቸው ለሸማኔው አሳየች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ኮምፒውተር የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

«ልጄ፣ እጄን አሳምረሽዋል። እግሬስ? እኔ ስሸምን እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መርገጫውን ካልረገጥኩ ድሩ አይከፈትም፤ ድሩ ካልተከፈተ መወርወሪያው በየት ያልፋል?»

«ለውበቱ ብዬ ነው እኮ፣ አባባ» ብላ ተከራከረች። ኋላ ዝም አለች። ማታውን እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብታ አደረች። በታብሌት መሰረዝ ቀላል ነው፤ አንድ ጣት ይበቃል። «ተሳስቻለሁ» ማለት ግን በሸራም በታብሌትም ያው ከባድ ነው።

በበነጋው እኔው ቤቷ ሄድኩና «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። ቁጭ ብዬ፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አየሁት። እግሩ ቦታው ገብቷል። ጉድጓዱ ግን ከመጠን በላይ ጨለመብኝ፤ ነገርኳት።

«አስብበታለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። ታብሌቷን ግን አልዘጋችም።