ቀርቦ የታየ ነገር

በየቀኑ የምንጨብጠውን ዕቃ እናውቀዋለን ብለን ማየቱን ትተነዋል። የፎቶግራፍ መሣሪያችንን አስጠግተን ያነሣን እንደ ሆነ ግን፥ አንድ ሚሊሜትር ያህል የምትሆን የጤፍ ፍሬ ገጹን ሞልታ ትታያለች። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ የፈረንጅ ቃሪያ በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ያነሣው ሥዕል፥ ለብዙ ተመልካች የሰው ገላ ይመስለዋል። (ሰውዬው ቃሪያዎቹን ካነሣቸው በኋላ ይበላቸው ነበር።)

ታዲያ እንዲህ ያለው ሥዕል እውነት ነውን? ተጠግቶ የሚያይ ሌንስ አጥርቶ የሚይዘው የዕቃውን ስስ ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፥ የዛሬው ፎቶ አንሺ በዲጂታል መሣሪያው ጥቂት በጥቂት እየገፋ ደጋግሞ ያነሣና ሁሉን በኮምፒዩተር አንድ ያደርገዋል። ይህን ሐሰት የሚሉት አሉ፤ እኛ ግን አንልም፤ ዐይናችንም ቢሆን አንዱን ነገር የሚያየው እየተዘዋወረ ነው። የሚያሠጋን ከሥዕሉ ውጭ የቀረው ነው።

አንድ ጊዜ በጎረቤታችን ቤት የጀበናቸውን አንገት ስንጥቅ ተጠግተን አነሣን። ከተራራ የሚወርድ ወንዝ መስሎ ታየን፤ ኮራንበትም። ባለቤቲቱ ግን ባዩት ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። «ልጆቼ፥ ከቤቴ ያገኛችሁት ስንጥቁን ብቻ ነው?» አሉን። እኛ ውበት ያልነው ለእርሳቸው ሳይገዙት የቀረ አዲስ ጀበና ነበረ። መልስ አጣን። ጀበናውን ከነረከቦቱ፥ ከነስኒዎቹ፥ ከእርሳቸውም ጋር ዳግመኛ አነሣን፤ በግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ይህኛውን ነው። ያማረው የፊተኛው ነው፤ ለሰው እናሳየው ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ፈቃዳቸውን ለመጠየቅ አልደፈርንም።