ሳሎኑና ወጥ ቤቱ

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ለሁለት ቀን ዊሊያምስበርግን ሊጎበኝ አሰበ እንበል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ መዲና ነበረች፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሮክፌለር ገንዘብ ታድሳ የቅኝ ግዛቱን ዘመን ታሳያለች። ሠረገላው፣ አንጥረኛው፣ የገዢው ቤተ መንግሥት ዓይን ይማርካሉ። ሆኖም በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች፣ አብዛኞቹም ባሮች ነበሩ።

ታዲያ ሰው በተሸጠበት ቦታ ልጅን ማዝናናት ተገቢ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1994 የባሪያ ጨረታ በትርኢት መልክ እዚያው ሲቀርብ፣ ሥቃይን መዝናኛ ማድረግ ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ። አዘጋጆቹ በበኩላቸው እውነቱ መታየት አለበት አሉ።

ጥፋቱ መሄዱ ላይ ሳይሆን በር መምረጡ ላይ ነው። ሳሎኑን አይቶ ወጥ ቤቱን የዘለለ ጎብኚ፣ ቤቱን ያየው በጌታው ዓይን ነው። እናም እ.ኤ.አ. በ1760 ለጥቁር ልጆች የተከፈተውን የብሬይ ትምህርት ቤት በዕቅድዎ ያስገቡ፤ ማንበብንም ለጌታ መታዘዝንም ያስተምር ነበር።

ያኔ ልጅዎ «በእኛስ አገር ባሪያ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ባርነትን የሻረው አዋጃችን እ.ኤ.አ. በ1942 እንደወጣ ሳይደብቁ ይንገሩት። በሰው አገር በደል ላይ ብቻ መፍረድን ተምሮ ከተመለሰ፣ መንገዱ ከንቱ ድካም ነው።