ገመናው የማን ነው?

ባማርኛ ለአንድ ነገር ሁለት የማይታረቁ ምክሮች ማግኘት ቀላል ነው። አንዱ «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ሌላው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሁለቱንም ከአንዲት አያት አፍ፣ አንዱን ጧት ሌላውን ማታ፣ ልንሰማ እንችላለን። እሳቸው በዕድሜ ብዛት የትኛው ለየትኛው ነገር እንደሚሆን ያውቁት ይሆናል፤ የ15 ዓመት ልጅ ግን ይህን ዕውቀት ከየት ያመጣዋል? አንድ ጎረምሳ ወይም አንዲት ኮረዳ ውስጥ ውስጡን የሚበላቸውን ነገር ለማን ይናገሩ? ለወላጅ? ለነፍስ አባት? ለጓደኛ? ወይስ ደመወዝ ተቆርጦለት ለሚያዳምጥ ባዕድ? ከተናገሩስ በኋላ ያ ገመና የማን ይሆናል?

ጉርምስና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የድምፅ መጎርነን፣ ብጉርና አልታዘዝ ባይነት ነው። አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል እ.ኤ.አ. በ1904 ስለዚሁ ዕድሜ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ሲያወጣ የማዕበል ዘመን አድርጎ ነበር የሳለው። ከሱ ወዲህ የመጡት ተመራማሪዎች ማዕበሉ በሁሉም ቤት እንደማይነሣ አሳይተዋል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ጎረምሳ ያለ ብዙ ጉዳት ይሻገራል። የሚሰናከለው ግን ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወጣቶች ራስን ማጥፋት በዓለም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የጠገበ ሰው ጥያቄ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የሚቀጥለውም ዓመት ከዚህ አልተሻለም። ስለ ፈተናው አወጣጥ የሚከራከር ይከራከር፤ እኔን የሚያሳስበኝ የቀሩት ዘጠና ስድስት ከምናምኑ ናቸው። ይህን ገጽ የምናነብ ሰዎች በዚያም ሆነ በሌላ ወንፊት አልፈን የመጣን ነንና ቶሎ እንረሳቸዋለን። ከነሱ አንዱን እናስብ። ዕድሜው 18 ነው። እናቱ ለሱ ስትል ወገቧን አስራ ጉሊት ተቀምጣ አስተምራዋለች። ውጤቱ የታወቀ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ይለዋል። እናትየው አልተቆጣችም፤ ክፉ ቃልም አልወጣትም። «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» ብላ እራቱን አቀረበችለት። እሱ ግን በልቶ ጨርሶ ከተኛ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑ አይከደንም፤ ባልነጋ ይላል።

በዚህ ቤት የጎደለው ፍቅር ነው? አይደለም። እንዲያውም አፉን የያዘው ፍቅሩ ነው። ልጁ «እማዬ፣ መኖር አስጠላኝ» ቢላት ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ማባበሉ የሱ ሥራ ይሆናል። ሸክሙን ሊያካፍል መጥቶ የሷን ደርቦ ይሄዳል ማለት ነው። አባት ቢኖር ንግግሩን እንደ ክስ ይሰማዋል፤ «ምን አጎደልንብህ?» ይላል። የነፍስ አባትስ? የነፍስ አባት ምስጢር ጠባቂ ናቸው፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ከገደል አፋፍ መልሰዋል። ነገር ግን እሳቸው የአባትየውም፣ የእናትየውም፣ የአክስትየዋም የነፍስ አባት ናቸው፤ በየጊዜው ቤት መጥተው ጠበል የሚረጩ፣ እንጀራ የሚቆርሱ ሰው ናቸው። ከሁሉም በላይ ወደሳቸው የሚኬደው ኃጢአት ይዞ ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ምን ኃጢአት ሠራ? ኃጢአት ያልሆነውን ነገር እንደ ኃጢአት መናገር ከጀመረ በበሽታው ላይ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል። ጓደኛ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ግን እሱም በዚያው ጎርፍ ውስጥ ነው ያለው። ሲጣሉም ነገሩ በማግሥቱ የክፍሉ ወሬ ነው።

የባዕዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ቢያልፍ አይኮራበትም፣ ቢወድቅ አያፍርበትም። ልጁ እንዲህ ካልሆነልኝ ብሎ የሚጠብቀው ነገር የለም። «ወዳጅነት በገንዘብ ይሸጣል ወይ?» ብለው የሚሳለቁ አሉ። እኔ ገንዘቡን እንደ ነውር አላየውም። በኛ አኗኗር የተደመጠ ሰው ወረታ አለበት፤ ነገ የሰሚውን ችግር መስማት፣ ሲጠራ መሄድ፣ ሲገሠጽ ዝም ማለት ይኖርበታል። የተከፈለው ሰው ግን ወረታው በደመወዙ ተዘግቷል፤ ተናጋሪው ነፃ ሆኖ ይወጣል። አንድ ልጅ ምንም ሳይመልስ የሚደመጥበት 50 ደቂቃ በሳምንት አንድ ጊዜ ማግኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? ምክር የሚሰጥ የሚመስለው ብዙ ነው። ምክርማ በየደጁ ሞልቶ የለም እንዴ! ልጁ የጠገበው ምክር ነው። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረውን መንገድ ብቻ ልውሰድ። ልጁ «ፈተና ወደቅሁ፣ ስለዚህ ከንቱ ነኝ» ይላል። አዳማጩ «የለም፣ አንተ ጎበዝ ነህ» አይለውም፤ ይህ ማባበል ነው፣ ልጁም አያምነውም። ይልቅስ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ለያይቶ ያስቀምጥለታል። መውደቁ ፍሬ ነገር ነው፤ ከንቱነቱ ግን ፍርድ ነው። ማን ፈረደ? ምን ማስረጃ ቀረበ? ምስክር ተሰማ? ተከሳሹ መልስ ሰጠ? ሌላ ልጅ፣ ለምሳሌ የልብ ጓደኛህ፣ በዚሁ ማስረጃ ቢከሰስ ትፈርድበት ነበር? ልጁ ራሱ ዳኛም ከሳሽም ሆኖ ሌሊት ሌሊት የሚያስችለው ችሎት እንደዚህ በቀን ብርሃን ይመረመራል። ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት የምትፈራ ልጅ ብትሆን ደግሞ ወሬ ብቻ አይበቃትም፤ ይህን ሳምንት አንድ ጥያቄ ለአንድ ሰው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሦስት ሰው፣ እያለች ፍርሃቷን በትንሽ በትንሹ ትለማመደዋለች። ሥራ ነው። የቤት ሥራም አለው። አንዳንዴም አይሳካም።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ክርክር እኔን ብዙ አይነካኝም፤ ይህን ገጽ ያባዛንበት ቀለምም ከውጭ የመጣ ነው። ቢሆንም መልስ አለው። ሐራሬ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚው ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ራሷን ካጠፋች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የተጨነቀ ሰው እየመጣ ከአያቶቹ ጋር ይነጋገራል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ «ሻሚሪ» የተባለው ሥራ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። አወያዮቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ ቅርብ ጊዜ ትምህርት ቤት የጨረሱ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ አራት ሳምንት ነው፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሞ በወጣው ሙከራ ይህን ያገኙት ተማሪዎች የአጠናን ዘዴ ብቻ ከተማሩት ይልቅ የድብርትና የጭንቀት ምልክታቸው የበለጠ ቀንሶ ተገኝቷል። አራት ሰዓት ነው እንግዲህ፤ እኛ ካፌ ተቀምጠን በአንድ ቅዳሜ የምናባክነው።

የሚከብደኝ ሌላው ክርክር ነው። የልጁ ጭንቀት ከኑሮ የመጣ ከሆነ፣ ከድህነት፣ ከጦርነት፣ ከሚደበድብ አባት፣ ታዲያ አስተሳሰቡን ማስተካከል ግፍን ማለማመድ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ አዳማጩ ሥራውን ካላወቀ። በዱላ የሚያድርን ልጅ «ስለ አባትህ ያለህን አመለካከት ቀይር» የሚል ሰው የአባትየው ተባባሪ ነው። ግን ክርክሩን አጥብበን እንየው። ኑሮ እስኪስተካከል ልጁ ይጠብቅ ማለት የምንችል እኛ ማን ነን? ጉርምስና አይጠብቅም። 15 ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ገመናው ልመለስ። ልጁ የነገረውን ነገር አባት መጥቶ «ልጄ ምን አለህ?» ቢል ይነገረዋል? እንግሊዝ አገር አንዲት እናት፣ ሐኪሞች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ሳያውቅ የእርግዝና መከላከያ መስጠት ይችላሉ የሚለውን መመሪያ ከሰው ነበር። ነገሩ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1985 በሦስት ድምፅ ለሁለት ተፈረደ፤ ነገሩን በሚገባ የሚረዳ ልጅ ስለ ሕክምናው ራሱ መስማማት ይችላል ተባለ። ዳኞቹ እንኳ ለሁለት መከፈላቸውን ልብ በሉ። በሌላው ወገን ደግሞ የካሊፎርኒያው የታራሶፍ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ተማሪ አንዲትን ልጅ ሊገድል እንደሚፈልግ ለዩኒቨርሲቲው ሳይኮሎጂስት ነገረው። ሳይኮሎጂስቱ ለግቢው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊስ ይዞ ለቀቀው፤ ለልጅቱ ግን ማንም አልነገራትም። ተገደለች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕይወት ለአደጋ ሲጋለጥ ምስጢር መጠበቅ ብቻውን አይበቃም ብሎ ወሰነ።

እኔ ከሁለቱ አንዱን ጥሎ አንዱን ማንሣት አይታየኝም። ገመናው የልጁ ነው፤ የቤተሰብ ክብር ንብረት አይደለም፤ አባት የትምህርት ቤቱን ክፍያ ስለከፈለ የሚገዛውም አይደለም። ነገር ግን ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊያጠፋ የተቃረበ ከሆነ ዝም ያለ አዳማጭ ምስጢር አልጠበቀም፤ ሬሳ ጠበቀ። መፍትሔው ቀላል ነው ባልልም ሐቀኝነት የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ነው። «የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል፤ ይህና ይህ ሲሆን ግን ዝም አልልም» ብሎ ድንበሩን ማሳየት ነው። ያ ቀን ከመጣም ከልጁ ጀርባ አለመሄድ፣ መጀመሪያ ለሱ መንገር፣ ከተቻለም ለእናቱ ሲነገር እሱም እንዲገኝ ማድረግ ነው። እንዲህ ከተደረገ ልጁ ይቆጣ ይሆናል፤ ተከዳሁ ግን አይልም።

የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋይዳንስ የሚባል ክፍል ነበረው። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ቁም ሣጥን ነበሩበት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያረፈዱና የተደባደቡ ልጆች የፈረሙበት ፋይል ይቀመጥ ነበር፤ የጋይዳንሱ መምህር የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ጸሐፊም ነበሩና። ሰውዬው ደግ ነበሩ፤ ማንም የሚጠላቸው አልነበረም። በሩ ግን ሰልፍ ሜዳውን ፊት ለፊት ያይ ነበር። አንድ ተማሪ ወደዚያ ሲገባ ከታየ ጥያቄው «ምን ሆነ?» አልነበረም፤ «ምን አጠፋ?» ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ተጠርቶ ሳይሆን ወዶ የገባ ልጅ አላየሁም። ያንን ፋይል ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ሌላ ክፍል ማስቀመጥና በሩን በጓሮ በኩል መክፈት ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር።