ከወንድምሽ ጋር ገበጣ ተጫወቺ

ልጄ፣ ስለ ወንድምሽ ትንሽ ላጫውትሽ። አድገሻል፤ የምነግርሽን ማድረግ አያቅትሽም።

ወንድምሽ ኦቲዝም አለበት፤ ዕድሜውም አሥራ ሰባት ደርሷል። ሕፃን ሳለ አስተማሪውም ዘመዱም ከበውት ነበር። አሁን ሰዉ እየሳሳ ነው። ለሕፃናቱ የሚታሰበውን ያህል ለጎረምሶቹ አይታሰብም። ትምህርት ሲያልቅ ደግሞ የሚያገኘው ሰው ይበልጥ ያንሳል። ይህ ያሳስበኛል። ወንድምሽ ሰው አይጠላም፤ የሚከብደው ወሬው ነው። በወሬ መሃል ተራው ለማን እንደደረሰ፣ ማን እንደቀለደ፣ ማን እንደተቀየመ ከፊት ላይ ማንበብ ይጠይቃል። ያ ያደክመዋል።

ገበጣ ሲጫወት ግን እይው። ተራው ይታወቃል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ሁለታችሁም የምታዩት ጉድጓዶቹንና ጠጠሮቹን ነው። ዝም ቢል የሚታዘበው የለም። መናገር ቢያምረው የሚናገርለት ነገር ፊቱ ተቀምጧል። ሲያልቅም ማለቁ ይታወቃል። ከሰው ጋር ተቀምጦ ሳይጨነቅ ይነሳል። ይህ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጄ፣ አታሳንሺው።

ሕጉን ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህን ደጋግሜ እነግርሻለሁ። ገበጣ በየአገሩ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን አጨዋወቶች መዝግበዋል፤ ብዙ ናቸው። ዳማም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰፈር መብላት ግዴታ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። አንቺ መሃል ላይ «በቃ፣ እንዲህ እናድርገው» ብትዪ አይከብድሽም። እርሱን ግን የቆመበት መሬት ይከዳዋል። ስለዚህ ጻፉት፤ ወረቀቱንም ከገበጣው ጋር አኑሪው። የቀድሞው የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ሲጀመር ወረራ የሚባል ነበረው፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ያለ ተራ ያንቀሳቅሱ ነበር። ለወንድምሽ እንዲህ ያለውን አታምጪበት። ተራ ያለው ይሻለዋል።

ሆን ብለሽ አትሸነፊለት። ያውቅብሻል፤ ካወቀም እንደ ሕፃን እንዳየሽው ይገባዋል። ተሸንፎ ቢቆጣ አትሳቂበት። መሸነፍ በጣም ከከበደው ሁሉም በአንድ ወገን የሚሰለፉበት ጨዋታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የማት ሊኮክ ፓንዴሚክ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቾቹ ተባብረው በዓለም የሚዛመቱ በሽታዎችን ይከላከላሉ፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም አብረው ነው። ውጭ ያለችው አክስትሽ ስትመጣ ይዛላችሁ ትምጣ።

ቴሌቪዥኑን አጥፊ። የጠጠሩ ኳኳታ ካስጨነቀው ከሥሩ ጨርቅ አንጥፊ። ገበጣ ካልወደደ አታስገድጂው፤ ዳማውን፣ ካርታውን፣ ቼዙን ሞክሩ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቀጠሮሽ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ካልሽ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ ትቀሪያለሽ፤ ሁለተኛው ይቀልሻል፤ ከዚያ ልማድ ይሆናል። እርሱ ግን ጠጠሩን ደርድሮ ይጠብቅሻል። መቅረትሽ ካልቀረ በዋዜማው ንገሪው። ስልኩ ላይ ብቻውን መጫወቱ ይህን አይተካለትም፤ ስልክ ሰውን አይናፍቅም።

እንግዳ ሲመጣም ጓዳ አይግባ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ ይደበቅ ነበር፤ እናቱም ትወቀስ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸውን ነገር በአደባባይ እየተናገሩ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ የተጋፈጡት ያንን ልማድ ነበር። በእናንተ ቤት ተመልሶ እንዳይገባ ተጠንቀቂ።

ከአንቺ ጋር ሲለምድ ሌላ ሰው አምጪለት። ዳማ የሚወደውን የጎረቤት ልጅ ጠይቂው፤ እንቢ አይልሽም። ሕጉ የተጻፈበትን ወረቀት አስቀድመሽ አሳዪው፤ ወንድምሽ ፊቱን ባያየው ንቀት እንዳልሆነም ንገሪው። ለወንድምሽ ደግሞ ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ንገሪው። የመጀመሪያውን ቀን አጠገባቸው ተቀመጪ። በሚቀጥለው ቡና ላፍላ ብለሽ ተነሺ፤ ጨዋታውን ለሁለቱ ተዪላቸው። ቶሎም አትመለሺ።