«አንችልም» ከማለታችን በፊት



የምንኖረው ሮቤ፣ ባለቤቴ የምትሠራው ጎባ በግል ድርጅት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ሊያልቅ ሲል «ከገጠር አንዲት ልጅ እናምጣ» አልኩ። «እሷስ ልጅ አይደለችም? ትምህርቷስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሱረቱል በቀራህን፣ አንቀጽ 233ን መለስ ብዬ አነበብኩ። አላህ (ሱ.ወ.) ጥቢን ማሟላት ለሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ሲወስን የእናቲቱን ቀለብና ልብስ በአባት ላይ አድርጎታል፤ ከአቅም በላይ ግን ማንንም አላስገደደም። ጡት ማስጣሉንም በሁለቱ ምክክር አድርጎታል።

እኔ «ያለ ደመወዟ አንችልም» ስል የራሴን ወጪ አልቆጠርኩም ነበር። ከዙህር በኋላ ለጫት የማወጣውን በወር ብደምረው የደመወዟን ግማሽ ሆነ። አፈርኩ። ተመካክረን ለአንድ ዓመት ቤት እንድትቆይ ተስማማን።

ወንድሞቼ! በእርግጥ አቅም ያነሰው አባት አለ፤ ለእሱ ዘመድና ጎረቤት ይድረስለት። እናት ወጥታ መሥራቷም ነውር አይደለም። ነገር ግን «አንችልም» ከማለታችን በፊት ከሚስቶቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንቁጠር። ቆጠራውንም ከራሳችን ኪስ እንጀምር።

አላህ ያግራልን፤ አሚን።