ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ስለሚቀረው ኀዘን

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት፥ በምዕራፍ 2፥ አፍሮዲጡ ስለሚባል አንድ ወንድም የሚነግረን ነገር አለ። ይህ ሰው ሐዋርያውን በእስራቱ ሊያገለግል መጥቶ ሳለ ታመመ፤ ሕመሙም ለሞት አቀረበው፤ እግዚአብሔር ግን ማረው። ታሪኩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ ከብዙዎቹ የፈውስ ታሪኮች አንዱ ሆኖ ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን አፍሮዲጡ ወገኖቹ መታመሙን ስለ ሰሙ እጅግ ይጨነቅና ይናፍቃቸው እንደ ነበር ሐዋርያው ሳይሸሽግ ጻፈ። ጳውሎስም በዚህ ጊዜ ያደረገውን ልብ እንበል። ከሞት ተርፈህ ሳለ ስለ ምን ትጨነቃለህ ብሎ አልገሠጸውም፤ ወደ አገሩ ሰደደው እንጂ። የአገሩንም ሰዎች በደስታ እንዲቀበሉትና እንዲያከብሩት አዘዛቸው።

ክቡራን አባቶችና ወንድሞች፤ ይህን ያነሣንበት ምክንያት በወልድያ፥ በመርሳና በሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች እንደ አፍሮዲጡ ያሉ ሰዎች በመካከላችን ስላሉ ነው። የኮሮና በሽታ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው ታሞ ድኗል። ከዳኑት ውስጥ ግን ትኩሳቱና ሳሉ ሲለቃቸው ሌላ ነገር የቀረባቸው አሉ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ቀን ጉልበት የለም፤ ልብ ያለ ምክንያት ይደልቃል፤ የሚወዱት ምግብ አፈር አፈር ይላል። ማኅሌት ቆሞ ያድር የነበረው መዘምር የሚያውቀው ዜማ ይጠፋበታል። ይህንንም ለሰው መናገር ያሳፍረዋል፤ ቀስ በቀስም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይርቃል።

ጎረቤትም ሁለት ነገር ይናገርበታል። አንዱ፥ እምነቱ ደክሞ ነው ይላል፤ ሌላው፥ መንፈስ ተጠግቶት ነው ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ናቸው።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2013 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ በኮቪድ ከታመሙ ከ236 ሺህ በላይ ሰዎች የሕክምና መዝገብ መርምረው፥ በስድስት ወር ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ የጭንቀት ሕመም እንደ ተጻፈባቸው አግኝተዋል። መዝገቡ በአብዛኛው የአሜሪካ ነው፤ የሰው ሥጋ ግን በሁሉም አገር አንድ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ እንኳ ሰውነት የተነሣበትን ጠላት ለመውጋት ያስነሣው ቍጣ ቶሎ የማይበርድበት ጊዜ አለ፤ ይህም ድካምን፥ የእንቅልፍ እጦትንና የሐሳብ መበተንን ያመጣል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ልቡ ሲደልቅ ሞት የመጣበት ይመስለዋል፤ ፍርሃቱም ልቡን ይብሱን ያስደልቀዋል። ይህ ነገር የኮሮና ብቻ አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛና ደንጊም ከኋላቸው እንዲህ ያለ ድካምና ትካዜ ትተው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝባችንን በፈጀ ጊዜ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን እስከ ዛሬ ያን ዘመን እናስባለን፤ በሕይወት የተረፉት እንዴት ከርመው ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ በሽታው ብቻውን አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና፥ ለቅሶ በሚገባ ሳይለቀስ፥ ቅሬውም እንደ ልማዱ ሳይሰበሰብ የቀረበት ቤት አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ፤ የወልድያው ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የታመመ ሰው መድኃኒት የሚያገኝበት አጣ። በዚያ ወራት ታሞ በቤቱ የዳነ ሰው ኀዘኑ ከየትኛው እንደ ሆነ፥ ከቫይረሱ ይሁን ከጥይቱ ድምፅ፥ ለይቶ ሊነግረን አይችልም፤ እንዲነግረንም ልናስገድደው አይገባም።

እንግዲህ ካህኑ ምን ያድርግ? ነቢዩ ኤልያስን እናስታውስ። በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ ስብከት አላመጣለትም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ከበላም በኋላ እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ መሄድና የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጌታችንም የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ የሚበላ ስጧት ብሎ አዘዘ።

ስለዚህ የንስሐ አባት የሆነ ሁሉ በዚህ ሕመም ለተያዘው ልጁ ቀንበሩን ያቅልልለት። ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ነጻ እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ነገር ግን ምእመኑ ይህን ከአባቱ አፍ ካልሰማ በድብቅ በልቶ በኀፍረት ይኖራል፤ ወይም ጾሞ ይብስበታል። ስግደቱ ይቀነስለት፤ በቅዳሴ ጊዜ ይቀመጥ ዘንድ ይፈቀድለት፤ መዝሙረ ዳዊትን ሁሉ መድገም ቢያቅተው አንድ መዝሙር ይበቃዋል። ማር ይስሐቅም ስለ ነፍስ ጨለማ ሲያስተምር፥ መጸለይ እንኳ ያቃተው መነኩሴ ልብሱን ተከናንቦ ያ ሰዓት እስኪያልፍ ይተኛ ብሎ ይመክራል፤ ለመነኩሴ ይህ ከተፈቀደ ለሐብሩ ገበሬ እንዴት ይከለከላል? ገበሬውም ቢሆን ጥቂት ጉልበት ባገኘበት ቀን ማሽላውን ሁሉ ልጨድ አይበል፤ የዛሬው ብርታት ነገ አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላልና፥ ሥራውን በየቀኑ በጥቂቱ ይጨምር።

በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ያዘነውን ሰው «አብሽር» ይለዋል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ከበር ላይ ተናግረውት የሚሄዱት አብሽር ቀጭን ነው። የሰንበቴው ማኅበርተኛ ገብቶ ይቀመጥ፤ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም አብሮ ይጠጣ፤ ሕመምተኛው ዝም ቢል አብሮ ዝም ይበል።

ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚለውን ነገር እኔ ከአባቶች ትምህርት አላገኘሁትም። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ንጉሡ ስለ ሕዝቅያስ የፈውስ ቃል ከተናገረ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. በኤች አይ ቪ የተያዙት ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ሐኪሞች ዛሬ ድባቴ የሚሉት ሕመምም ሕክምና አለው፤ በምክርም ይታከማል፥ በኪኒንም ይታከማል። ኪኒኑ ኀይሉን የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፥ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብሎ የሚጥለውን ሰው አባቱ ይያዘው፤ ለማቆምም ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም።

ሕመምተኛው «መኖር አስጠላኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ለሌላ ቀን አይቀጠርም። እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ካህን በኑዛዜ ጊዜ ቢሰማው እንኳ ምሥጢሩን ለሰው ሳይገልጥ ልጁን ራሱን ያሳምን፤ እጁን ይዞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። መንገዱ ሩቅ ከሆነና ከመሸ፥ ሌሊቱን ብቻውን አይተወው፤ በቤት ያለውን ገመድና የተባይ መርዝ ከአጠገቡ ያርቅ፤ ሲነጋም አብሮት ይውጣ።