ጭስ የሌለው ፍም

ልጆቼ፣ ጥቅምት ገብቷል። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ ከወጨጫ ግርጌ ሰበታ፣ ከገፈርሳ አጠገብ ቡራዩ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሰል ማቀጣጠላችሁን አልነቅፍም። የምቆጣው ማንደጃ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የሚተኛውን ነው።

እኛ ያደግንበት የሳር ጎጆ ይተነፍስ ነበር። ጭሱ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ንፋሱ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል፤ ዓይናችንን ቢያስለቅሰንም አየር አይነሳንም። ዛሬ የምትከራዩት አሮጌ የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ኮርኒስ ተወጥሮለታል፤ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲያበቃ ከሰሉ ነጭ አመድ ይለብሳል። «ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» ተብሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ የበሩ ሥር ክፍተት በአሮጌ ጨርቅ ይወተፋል። እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል፤ ይህ ግን ሳይጨስ ይገድላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል። እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋ ደግሞ አየሩ ድሮም ስስ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሙቀት ፍለጋ ነፍስ ይሄዳል።

አቅሙ ኖሯችሁ በድሮ ቤት መታጠቢያ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ያስገጠማችሁም ከዚህ መርዝ አታመልጡም። የጭስ ማውጫ ቱቦው ሽቅብ ሄዶ ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ኮርኒስ ውስጥ ከቀረ ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። ዝገት እንዳይበሳው፣ የወፍ ጎጆ እንዳይደፍነው በየዓመቱ አስፈትሹት። ነበልባሉ ሰማያዊነቱን ትቶ ቢጫ ካወጣ ማሞቂያውን ዘግታችሁ ባለሙያ ጥሩ። ለአየር መግቢያ የተተወውንም ቀዳዳ ብርድ ገባ ብላችሁ አትድፈኑት።

ራሳችሁን ሲያማችሁ፣ ሲያቅለሸልሻችሁ፣ ጉልበት ሲከዳችሁ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ ጋደም አትበሉ። በተለይ ቤት ያለው ሁሉ ባንዴ ካመመውና ደጅ ሲወጣ ከተሻለው ነገሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በሩን ክፈቱ፣ የወደቀውን ጎትታችሁ አውጡ። ወተትና ሎሚ ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ መድኃኒቱ ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

እናንተም አከራዮች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና በየክፍሉ የማይዘጋ የአየር መግቢያ አብጁ፤ ወጪው ከኪራዩ ጋር ሲተያይ ምንም አይደል። ቀዳዳ አለ ተብሎ ግን ከሰል ይዞ አይተኛም።

ዛሬ ማታ ማንደጃውን ደጅ አውጡና ፍሙን በውሃ አጥፉት። ከበረዳችሁ ጋቢ ደርቡ።